ወንዙን ያልተሻገረው ደብዳቤ

ይህን እስከ ዘንድሮ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍኩ እያልኩ ጥቃቅኑን ስዘረዝርላቸው ኖርኩ እንጂ ይህችን አላወጣኋትም። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው በመስቀላቸው ይባርኩኛል፤ እኔም ተነሥቼ ጉልበቴን አራግፌ እሄዳለሁ። እንዲህ እያልኩ አምስት ዓመት ሞላኝ። አሁን ደከመኝ። ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ የምናገረው፤ መሸከሙ ሰልችቶኝ ነው።

እኔ ርዕሰ መምህር ነኝ። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ያለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተዳድራለሁ፤ አስተማሪ ሲያንስ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ አስተማሪ ደግሞ ሁልጊዜ ያንሳል። ትምህርት ቤታችን ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያሉት የሚካኤል ሰዎች ናቸው። ከወንዙ ወዲያ፣ ከጋራው ጀርባ ያሉት፣ እኛ በደፈናው «ማዶዎች» የምንላቸው፣ ቅዳሴያቸውም ቀብራቸውም ኪዳነ ምሕረት ነው። ልጆቻቸው ግን ወንዙን እየተሻገሩ እኛ ዘንድ ይማራሉ። በአገራችን የስልክ ኔትወርክ ኮረብታ ካልወጡ አይገኝም፤ ሬዲዮ ያለውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለሕዝብ የሚናገረው ነገር ካለ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፋል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ቄሱ ቆመው ያነቡታል። አንዱ ደብር የሌላውን ደብዳቤ አይሰማም። እዚያ ያልተነበበ ነገር እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኃጢአቴ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከማዶ ልጆች አንዷ ውባለም ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ናት። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወንዙን ትሻገርና የቀሚሷ ጠርዝ እንደራሰ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ስሌት ስሠራ ምልክት ገልብጬ አልፌ ኖሯል፤ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ እዚያ ላይ መቀነስ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅኩ፤ ደስ ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባድ ጥያቄ ጽፌ ዞር ስል መጀመሪያ የማየው የሷን ፊት ነበር። ምን ትሆኛለሽ ሲሏት ሒሳብ አስተማሪ ትል ነበር። አስቡት፣ እኔን አይታ!

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ ተብሎ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት ተባለ፤ ከዚያ ወር ተባለ፤ ከዚያ ቀን የሚናገር ሰው ጠፋ። ወንዶቹ ልጆች ወደ እርሻው ገቡ። ሴቶቹ ቤት ዋሉ፤ ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ ለትዳር የደረሰች ትመስላለች መሰለኝ፣ በየቤቱ ሽማግሌ መመላለስ ጀመረ። ነሐሴ ላይ የውባለም አባት አያ ፈንታ፣ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በላይ በኩል ዞረው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ። ቢሮዬ በራፍ ላይ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆሙ።

«መምህር፣ ልጄን ሽማግሌ ጠይቆኛል። እኔ ሐሳቤ ላስተምራት ነው። ግን ትምህርት ቤቱ ይከፈታል አይከፈትም? ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?»

«ይከፈታል አያ ፈንታ። ትንሽ ያቆዩአቸው» አልኩ።

«መከፈቱን በምን አውቃለሁ?»

«ደብዳቤ እጽፋለሁ። ኪዳነ ምሕረት ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል። ሲነበብ እንደሰሙ ልጅቱን ይላኳት።»

«እንግዲያስ እስከ ኅዳር ሚካኤል እታገሣለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ለጥር ቃል መስጠቴ ነው። ሰውን ዛሬ ነገ እያሉ እስከ መቼ ያቆሙታል?» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተሰናበቱኝ። ያን ጊዜ መጨባበጥ ቀርቶ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ወረዳ ጠራን። ትምህርት ቤቶች በጥንቃቄ የሚከፈቱበት ዕቅድ ተሰጠን፤ ከዕቅዱ ጋር ቼክሊስት። ዕቅዱ ክፉ አልነበረም፤ ሐቁን ልናገር። የጻፉት ሰዎች ልጆቻችን እንዳይታመሙ ብለው ነው የጻፉት። አንድ ክፍል ከሃያ አምስት ልጅ በላይ እንዳይይዝ፣ በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ፣ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ ለሁሉም ማስክ። ልጆች ከበዙ ወይ ፈረቃ ይደረግ፣ ወይ ሕዝቡ ተጠርቶ ተጨማሪ ዳስ ይሠራ። መውጫው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ኮሚቴ መጥቶ ያያል፤ ያላሟላ አይከፈትም።

ተመልሼ ክፍሎቹን በገመድ ለካሁ። ስም ቆጠርኩ። የወዲህ ልጆች ብቻ ቢሆኑ ልክክ ይላሉ፤ ማዶዎቹ ሲጨመሩ አይበቃም። መምህራኑን ሰብስቤ ፈረቃ ስላቸው አጉረመረሙ። «ጧትም ከሰዓትም ልናስተምር? በዚህ በሽታ?» አሉኝ፤ ሁለቱ ዝውውር እንጠይቃለን አሉ። ዳስ ልሥራ እንዳልል ገብስ የሚታጨድበት ወቅት ነው፤ ማጭዱን ጥለህ እንጨት ተሸከም ብዬ ማንን ልጥራ? እንዲህ ነበር ለራሴ የምለው። ግን አልጠየቅኩም። አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ እንቢ አልተባልኩም።

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። ቃሉ አንድ ነው፤ አድራሻው ብቻ ይለያል። አንዱ ለሚካኤል፣ አንዱ ለኪዳነ ምሕረት። ሁለቱንም ፈረምኩ፤ ማኅተም መታሁ፤ ቁጥርና ቀን ሰጥቼ ቀሪውን ፋይል ውስጥ አስገባሁ። የሚካኤሉን ራሴ ይዤ ሄድኩ፤ እሑድ ተነበበ። የኪዳነ ምሕረቱን የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ነገ እልከዋለሁ አልኩ። ሰኞ ሲመጣ ማክሰኞ አልኩ። እውነቱን ልናገር? ሰኞም ማክሰኞም እንደማልልከው አውቅ ነበር። እዚያ እንዳለ እያወቅኩ ነው ኮቴን የማወልቀውና የምለብሰው። እሑዱ አለፈ። ሌላውም እሑድ አለፈ።

ለምን? ለራሴ ያልነገርኩት ሰበብ የለም። ማዶዎች ድሮም ቢሆን ወንዝ ሞላ ብለው የዓመቱን እኩሌታ ይቀራሉ አልኩ። ገበያቸው ሌላ ነው፣ በሽታውን ይዘውብን ይመጣሉ አልኩ። በዚህ ብርድ ወንዝ ከሚሻገሩ ዘንድሮን ቤታቸው ቢያርፉ ለጤናቸውም ይሻላል አልኩ። እዩልኝ፣ አዛኝ ሆኜ! ሁሉም ውሸት ነው። ቁጥሩ ልክ እንዲመጣልኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ኮሚቴው ፊት እንዳላፍር፣ ከመምህራኑ ጋር እንዳልጨቃጨቅ፣ ዳስ ዳስ እያልኩ ከቤት ቤት እንዳልዞር ነው። ደክሞኝ ነበር። ያኔም እንደ ዛሬው ደክሞኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር ማለት ግን ምን ማለት ነው? አያ ፈንታ ያንን ሁሉ ጭቃ ዞረው ሲመጡ አልደከማቸውም?

ደግሞ አላወቅኩም ልል አልችልም። አያ ፈንታ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ያንን ደብዳቤ እንደሚጠብቁ አውቅ ነበር። የሚነበብበትን ቦታና ሰዓት የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹን ያቆዩአቸው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሳያውቅ ይበድላል፤ እኔ አስጠብቄ ነው የበደልኩት።

ምዝገባው ሦስት ቀን ቆየ። ከማዶ አንድ ልጅ አልመጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገበያ ላይ ይሰሙት ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ገበያውም ተበታትኖ፣ ሰው ከሰው መጠያየቅ ፈርቶ ነበር። ኮሚቴው መጣ። ከዴስክ እስከ ዴስክ በሜትር ለኩ፤ ልክ ሆነ። ቼክሊስቱ ላይ «ጥሪው ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ደርሷል ወይ?» የሚል ነበረበት። በገዛ እጄ ደርሷል የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከወረዳው ትምህርት ቤቶች በዝግጅቱ ምሳሌ ነው ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ እስከ ዘንድሮ ነሐሴ ድረስ ተሰቅሎ ነበር።

አሁን ስለ ጋሽ ታከለ መናገር አለብኝ። ጋሽ ታከለ ዘበኛችን ነበሩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ማንበብ መጻፍ አይችሉም፤ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ግን ወዲያም ወዲህም የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን በእጃቸው ጨብጠው ነበር የሚሄዱት። በኮሮናው ጊዜ ደግሞ በር ላይ ጀሪካንና ጆግ ይዘው የልጆቹን እጅ ያስታጥቡ ነበር። በሥራቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ። ትንሽ ትንሽ መርሳት ጀምረው ስለነበር ልጆቹ ዱላቸውን ደብቀው ይስቁባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ኅዳር ሚካኤል አልፎ ሳምንት ሲሆን ውባለም መጣች። ጋሽ ታከለ በር ላይ እጇን አስታጥበው ይዘዋት ገቡ። እየሮጠች መጥታ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ እርጥብ ነው።

«ጋሼ፣ ተከፍቷል እንዴ?» አለችኝ። «የጠፋች ጊደር ስፈልግ ወንዝ ድረስ ወርጄ ደወሉን ሰማሁት።»

ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ድምፁ ወንዙ ድረስ ይሰማል፤ ጋራውን ግን አያልፍም።

«ተከፍቷል» አልኩ።

«ስሜን ጻፉልኝ። አባቴ ለሰዎቹ ቃል ሰጥቷል፤ ግን ትምህርት ቤት ከገባች እመልሰዋለሁ ብሎኛል። ዛሬ ከጻፉኝ ይመልሰዋል።»

መዝገቡ ፊቴ ተገልጦ ነበር። ስምንተኛ ክፍል፣ ሃያ አምስት ወንበር፣ ሃያ አምስት ስም። አንድ ስም ብጨምር ምን ይፈጠር ነበር? አንድ ወንበር ከመምህራን ክፍል ባመጣ? እርሳሱ እጄ ላይ ነበር፤ አምላኬ ያውቃል። ግን እሷን ከጻፍኩ ነገ ሌሎቹ ማዶዎች ይመጣሉ፤ ከመጡ ደግሞ ለምን አልተነገረንም ይላሉ።

«ዝርዝሩ ወረዳ ሄዷል። ተዘግቷል። ለከርሞ ትገቢያለሽ» አልኳት።

«ለከርሞ እኔ የት አለሁ?» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ደብዳቤው ለምን አልመጣልንም ጋሼ? አባቴ አንድ እሑድ አልቀረም እኮ።»

ያን ጊዜ ነው ሁለተኛውን የሠራሁት። ይኸኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ደብዳቤው ደረቴ ላይ፣ ኮቴ ውስጥ እንዳለ፣ «ልኬ ነበር። በጋሽ ታከለ እጅ ልኬዋለሁ» አልኩ።

ጋሽ ታከለ ጆጋቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። «ለኔ? መቼ ሰጡኝ መምህር?»

«ጥቅምት ላይ ነዋ። ለኪዳነ ምሕረት ብዬ አልሰጠሁዎትም?» ብዬ ፋይሉን ከፈትኩና ቀሪውን አውጥቼ አሳየኋቸው። እነሆ ቁጥሩ፣ እነሆ ቀኑ። ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተም ግን ያውቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲሸከሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማኅተም ይዋሻል ብለው በምን ያስቡ? ወረቀቱን ብዙ አዩት። ከዚያ ጆጉን መሬት አስቀመጡ።

«ጣልኩት ማለት ነው» አሉ። «እጄን ይቁረጠው፣ ጣልኩት ማለት ነው።»

ውባለም እኔን አላየችኝም። ወደሳቸው ዞራ «አይዞዎት አባባ» አለቻቸው። እሳቸውን አጽናንታ ወጣች። ወንዙ ዳር ደርሳ ጫማዋን ስታወልቅ በመስኮት አየኋት።

ቀጥሎ የሆነውን ስጽፈው አፍራለሁ። ጋሽ ታከለ በማግስቱ ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ። የሰው ልጅ ዕድል አጠፋሁ ብለው ተናዘዙ። ስግደት ተሰጣቸው፤ ጾም ተጨመረባቸው። ከዚያ ትልቅ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ወንዙን ተሻገሩና አያ ፈንታ ደጅ ላይ ወደቁ። አያ ፈንታም ድንጋዩን አንሥተው «እግዜር ይፍታዎት፤ ሰው ይረሳል» አሏቸው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ተልጦ፣ አንገታቸው ሰንበር አውጥቶ፣ ግን ፊታቸው ቀለል ብሎት ቢሮዬ ገብተው፣ «አያ ፈንታ ማሩኝ፤ አሁን እርስዎ ደግሞ ይማሩኝ መምህር፤ ያዋረድኩት የርስዎን ስም ነው» አሉና ጎንበስ አሉ።

እኔ ምን አልኩ? እኔ ደብዳቤውን የደበቅኩት፣ እኔ የዋሸሁት፣ እኔ ምን አልኩ? «ይማርዎት ጋሽ ታከለ፤ ይነሡ» አልኩ። ማርኳቸው! ያልሠሩትን ጥፋት፣ የሠራሁት እኔ፣ ማርኳቸው።

ጥር ላይ ልጆቹ እንደ ድሮው በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ ነበር። ማስኩ ኪስ ገባ፤ ከዚያ ጠፋ፤ ጀሪካኑም ወደ ጓዳ ተመለሰ። ማንም አልከለከለም፣ ማንም መጥቶ አልለካም። ያ ሁሉ ልክ፣ ያ ሁሉ ገመድ፣ ለሁለት ወር ነበር። ውባለም የተዳረችው በዚያው ሰሞን ነው። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ሙሽራዋን ይዘው በወንዙ ማዶ ሲያልፉ እልልታው ይሰማኝ ነበር፤ ልጆቹም ሰምተው እርስ በርስ ተያዩ። የኋላ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ጨርሼ ዞር አልኩ፤ የተሳሳትኩትን የነገረኝ የለም። ከማዶ ልጆች ትንንሾቹ በዓመቱ ተመለሱ። ትልልቆቹ ሴቶች አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤታችን በሌላም ምክንያት ተዘግቶ ተከፍቷል። አገሩ ያየውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሱን እዚህ አላነሣም፣ መሸሸጊያም እንዲሆነኝ አልፈልግም። ደብዳቤውን ከኮቴ አውጥቼ ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንዳላቃጠልኩት አላውቅም። ጧት ዳዊት ስደግም ገጹን ስገልጥ አገኘዋለሁ፤ አልፈዋለሁ። እንዲህም ይጸለያል? እኔ ጸልያለሁ።

ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ገና ለምዝገባ ደብዳቤ ሳልጽፍ፣ ውባለም ቢሮዬ መጣች። አላወቅኳትም ነበር። ከስታለች፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛለች።

«ላስመዘግባት ነው ጋሼ» አለችኝ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት ሊሞላት ነው።»

«ኧረ ገና ናት ውባለም። ጊዜዋ ሲደርስ ትመጫለሽ።»

«ገና እንደሆነች አውቃለሁ። ቢሆንም ይጻፉልኝ። ኋላ ዝርዝሩ ተዘጋ እንዳይሉኝ።»

ነገር ልትወረውር አልነበረም። ብትወረውር ደስ ባለኝ። ከልቧ ነው የምትለው፤ ትምህርት ቤት እንዲህ ነው ብላ ነው የያዘችው፤ ቀድሞ ያልመጣ ይቀራል። መዝገብ አወጣሁ። የልጅቱን ስም ጻፍኩ። ሽበቴን አይታ ሸምግለዋል አለችኝ፤ ሳቀችም። ልትወጣ ስትል መለስ አለችና «ጋሽ ታከለ እንዴት ናቸው? አሁንም ያቺን ደብዳቤ እያነሡ ያለቅሳሉ አሉ። ንገሩልኝ፣ እኔ ቂም የለኝም። ሰው ናቸው፤ ረሱ» አለችኝ።

ሸኘኋት። ከዚያ የምስጋና ወረቀቱን ከግድግዳው አወረድኩ። እሷን ግን ልንገርሽ ቁጭ በይ አላልኳትም።

በማግስቱ ደብዳቤውን ከዳዊቴ አውጥቼ ጋሽ ታከለ ቤት ሄድኩ። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ዐይናቸው ደክሟል። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ሳላስቀር። ጻፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት፣ ለርስዎ አልሰጠሁዎትም፣ ዋሸሁ። ከዚያ ደብዳቤውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። በጣታቸው ዳሰሱት፤ አጠፉት፤ ዘረጉት። ሲቆጡኝ እየጠበቅኩ ነበር። ቢመቱኝም ዝም ልል ነበር። እሳቸው ፈገግ አሉ።

«አይ ልጄ» አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አንተ ብለውኝ አያውቁም። «ለኔ አዝነህ ነው።»

«አይደለም ጋሽ ታከለ። እውነቴን ነው። ደብዳቤው ይኸው እጅዎ ላይ ነው እኮ።»

«አንተ ዘንድ ወረቀት መቼ ይጠፋል? ሌላ ጽፈህ አምጥተህልኝ ነው።»

«ቀኑን ያንብቡት፣ ማኅተሙን…» ብዬ አፌን ያዝኩ። ምኑን ያንብቡት?

«እኔ የጣልኩበትን ቦታ አውቀዋለሁ» አሉኝ፤ እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብለው። «ወንዙ ጋ ስደርስ ጫማዬን ላወልቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ነፋስ አነሣው። ውኃው ይዞት ሲሄድ በዐይኔ አይቼዋለሁ። ነጭ ነበረ።»

በቋጠሮ ካልሆነ ወረቀት ይዘው የማያውቁት ሰው፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የት ጣልኩት፣ እንዴት ጣልኩት ሲሉ ከርመው፣ ድንጋዩንም ነፋሱንም ውኃውንም ራሳቸው ሠርተውታል። እኔ የሰጠኋቸው ውሸት ብቻ ነበር፤ ትዝታውን እሳቸው ጨመሩበት። ማልኩላቸው። ለመንኳቸው። ባልኩ ቁጥር የበለጠ አዘኑልኝ። በመጨረሻ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እንዳንተ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። ለአንድ ዘበኛ ብሎ ራሱን በሐሰት የሚከስ ማን አለ? እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው መረቁኝ።

ተመርቄ፣ ደብዳቤውንም መልሼ ይዤ ተመለስኩ። ዘንድሮ ከተቀበልኩት ሁሉ የከበደኝ ያ ምርቃት ነው።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ለኪዳነ ምሕረቱ ቄስ ሁለት ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፤ ያንን የአምስት ዓመት ደብዳቤና ይህንን። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን ያነቡታል። አያ ፈንታ አንድ እሑድ አይቀሩም፤ ይሰማሉ። ውባለምም ትሰማለች። እኔም እዚያው እቆማለሁ። ይቅር በሉኝ የምልበት አፍ የለኝም፤ ይቅርታውን ሁሉ ላልበደለ ሰው ሰጥታችሁ ጨርሳችሁታል። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኔ አልሰማ ስላሉ፣ ለጋሽ ታከለ እናንተ ንገሩልኝ። ድንጋይ አልነበረም። ነፋስ አልነበረም። ውኃውም ምንም አልወሰደም። ደብዳቤው እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።